በማን ክንድ

ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሜያለሁ። ውሃ አልሰጠሁትም፣ ተቀመጥ አላልኩትም። አንድ ጊዜ እግሩን ሲያቀያይር አየሁና "እንዳትነቃነቅ፣ ልኬቱ ይበላሻል" አልኩት፣ አንተ ብዬ፣ አባቴ የሚሆነውን ሰው። ሥራዬ ጎርፍና ውርጭ የበላውን እርሻ መለካት ነው። መንግሥት ለባለእርሻው እርዳታ የሚከፍለው እኔ በምጽፈው ልክ ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት የሚናገረኝ ገበሬ የለም። ቂም ልብ ያቆሽሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። የኔ ልብ እንደዚያን ቀን ጠርቶልኝ አያውቅም።

ሽማግሌው ቀጭኔ የምንለው ሰው ነው። ምን እንዳደረገኝ ለመናገር ስምንት ዓመቴ ላይ መጀመር አለብኝ፣ በረዶው ከወረደበት ቀን።

በረዶው የወረደው ስንዴው ሊታጨድ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ጆሮዬን ይዤ እስቅ ነበር፤ ሲያባራ ደግሞ ወጥቼ እያፈስኩ በላሁ። አባዬ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ አየሁትና የሱ እንዳይቀርበት ብዬ አንድ እፍኝ ወሰድኩለት። ተቀበለኝ። እጁ ላይ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ይዞት ቆየ፣ አንዱንም አልቀመሰም። እኔ ቀዝቅዞት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ አንድ ወሬ ብቻ ያወሩ ጀመር፦ መንግሥት በረዶ ለመታው ሰው ሊከፍል ነው። የተመታው መሬት ይለካል፣ በልኩ ይከፈላል፣ በተከፈለው ዘር ይገዛል። ዘር ያላገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ማንም ለኔ አልነገረኝም፤ ለነሱ ግን መንገር አያስፈልግም ነበር። በመንደራችን ሕግ ሳይዘራ የከረመ መሬት ለሌላ ይሰጥ ነበር።

አባዬ ያርሳል፣ እናቴ ገመድ ትገምዳለች። ለከብት ማሰሪያ፣ ለጭነት፣ ለጉድጓድ ውሃ መሳቢያ፣ የሰፈሩ ገመድ ሁሉ ከሷ እጅ የወጣ ነው። የበራችን መቃን ላይ አውራ ጣት የሚያህል ምስማር ተመትቶ ነበር። የቃጫውን ጫፍ እሱ ላይ ታስርና እያከረረች፣ ወደ ኋላዋ እየሄደች፣ ግቢውን አቋርጣ አጥሩ ጋ ትደርሳለች። ያንን ምስማር በሬ ቢጎትተው አይነቀልም። እኔ ግን ቅናት ይዞኝ "እማዬ፣ እኔ ልያዝልሽ" እላት ነበር።

"ምስማሩ እያለ አንቺ ምን በወጣሽ? ሂጂ ተጫወቺ" ትለኛለች።

ቀጭኔ የመጣው የልኬቱ ሰሞን ነው። ስሙ የወጣለት በቁመቱ ነበር፤ በበራችን ለመግባት ሁለቴ ያጎነብሳል፣ አንዴ ለራሱ አንዴ ለትከሻው። የመንደሩ መሬት ለኪ እሱ ነው። የብረት ሜትር ያን ጊዜ ከተማ ካለው ትልቁ መሥሪያ ቤት በቀር አይገኝም፣ እኛ ዘንድ የሚለካው በገመድ ነበር። አንድ ገመድ አርባ ክንድ ነው፤ ከጥንትም እንዲያ ነው፣ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

"አርባ ክንድ የሚሆን አዲስ ገመድ ገምጂልኝ" አላት።

"በማን ክንድ ጋሼ?"

"በኔ ነዋ። ለኪው እኔ አይደለሁ እንዴ?"

ሁለቱም ሳቁ። ክንዱን ዘረጋላትና ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ቃጫውን እያስጠጋች ለካች፣ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። አርባ ድረስ መቁጠር የቻልኩት ያን ሰሞን ነው። ስጨርስ ቀጭኔ ራሴን ዳበሰኝና "ይቺ ልጅ ለኪ ትሆናለች" አለ። ሆንኩለት።

ማሳችንን በለካ ቀን የገመዱን ጫፍ ያስያዘኝ እኔን ነው። የወሰኑ ድንጋይ ላይ አቆመኝና "እዚህ ጋ ግጥም አድርገሽ ያዢ፣ አንቺ ከያዝሽው አልሰጋም" አለኝ። ከአባዬ ይልቅ ለኔ ተናገረ፣ ያውም እንደ ትልቅ ሰው። ሲጨርስ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ማሳውን ከላይ አየሁት። የተኛው ስንዴ ከዚያ ላይ ሲታይ የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስል ነበር።

"አሥር ገመድ" አለ ቀጭኔ።

"አሥራ ሁለት ነው" አለ አባዬ። "ከአባቴ ስረከበው አሥራ ሁለት ነው።"

"ልጅህ ትመስክር። ጫፉን ይዛ የለም እንዴ?"

አባዬ ወደ ላይ አየኝ። "ለቀቅሽ እንዴ? ትንሽም ቢሆን ወደ ውስጥ አልገባሽም?"

"አልለቀቅኩም። እኔም ቆጥሬያለሁ፣ አሥር ነው" አልኩ። ከትከሻው ላይ ሆኜ፣ በኩራት።

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ያየሁትን ሳላጎድል መስክሬያለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቤታችንን አፍርሻለሁ። ይሄ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ገመዱ በረዘመ ቁጥር መሬቱ ያጥራል። ለመንደሩ የተመደበው ክፍያ አንድ ነው፣ ከኛ የጎደለው የቀጭኔ ሚስት ወንድም ዘንድ ሞልቶ ይገኝ ነበር። አማቹ ያገኘውን ከቀጭኔ ጋር ይካፈላል። ስምንት ዓመቴ ላይ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ረጅሙ ሰውዬ ይወደኛል።

የተከፈለን ለግማሹ ዘር እንኳ በጭንቅ በቃ። ግማሹ መሬት ሳይዘራ ከረመ፣ በዓመቱም ለአማቹ ተሰጠ። የአባቱ የወሰን ድንጋይ ሲነሳ አባዬ እቤት ተኝቶ ዋለ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዘርቶ ሲጨርስ ሩቅ አገር ወደ ድንጋይ ፈለጣ ይሄዳል፣ ለአጨዳ ብቅ ይልና ይመለሳል፣ ለዘር ይመጣል። እናቴ ለአቤቱታ አልሄደችም። የት ትሂድ? አቤት የሚባልበት ወንበር ላይ ቀጭኔ ራሱ ተቀምጧል።

መሬታችን የሄደው በሱ መሆኑ በዘጠኝ ዓመቴ ገባኝ፤ ወፍጮ ቤቷ ናት የነገረችኝ። ወፍጮ ቤቷ የምንላት ጎረቤታችን ናት፣ ወፍጮው ሲቆም አፏ የሚሠራ። ያን ቀን ቀጭኔን ጠላሁት። ትከሻው ላይ የወጣሁበትን ቀን ሳስብ ገላዬን መታጠብ ያምረኝ ነበር። እና በዚያው ሰሞን፣ ይህን ሰው ሙሉ ልቤን ሰጥቼ በጠላሁበት ሰሞን፣ እናቴ ትወደው ጀመር።

እኔ እንዲያ ነው ያየሁት። ገመድ ለማሳደስ ሲመጣ ለእንግዳ የማይወጣው በርጩማ ይወጣለታል። ወተት በብርጭቆ ይመጣለታል፣ እኔ ውሃ በጣሳ እየጠጣሁ። "ጋሼ እግርዎ አልደከመም?" "ጋሼ ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ።" ክንዱን ይዛ ስትለካ ቀልድ ትነግረዋለች፣ እሱ ሲስቅ ጣሪያው ይነቃነቃል። በአባዬ ቀልድ እንኳ እንዲያ አትስቅም ነበር። ወፍጮ ቤቷ ባጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "ባል ድንጋይ ይፈልጣል፣ ሚስት ክንድ ትለካለች" ስትል ሰማኋት። ሁሉም አልገባኝም፣ የሚያሳፍር ነገር መሆኑ ግን ገባኝ።

አንድ ቀን ቀጭኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንድ ሌላም ገምጂልኝ፣ እሱን በራስሽ ክንድ ለኪው" አላት። እናቴ አጭር ናት፣ ከጎኑ ስትቆም ደረቱ ጋ እንኳ አትደርስም።

"ጋሼ፣ ለምን ይሆናል?"

"ለአማቼ ሰፈር። አንቺ መቼም ብልህ ነሽ። ሲጠቀለሉ ግን እኩል ይምሰሉ፣ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው።"

"ይተዉት ለኔ" አለችው። አጭሩን ወፈር አድርጋ ገመደችው፣ ሲጠቀለሉ እኩል መጠን ሆኑ። ረጅሙ ጫፍ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ አጭሩ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችለት። በጨርቁ ካልሆነ በቀር ከገመደቻቸው ከሷ ሌላ የሚለያቸው ሰው አልነበረም።

ገመድ ማሳ ለማሳ ሲጎተት ስለሚበላ በየዓመቱ አዲስ ያዛል። መጀመሪያ ዓመት ሁለቱንም እደጃፋችን ቆሞ ክንድ በክንድ ለካቸው፣ እሷም እየሳቀች ያዘችለት። በሁለተኛው ዓመት ረጅሙን ብቻ ለካ፣ እሱንም ግማሽ ድረስ። እኔ ይህን እያየሁ በርጩማው ቢሰበርና ወገቡ ቢቀጠቀጥ እመኝ ነበር።

አባዬ ለዘር ሲመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጣቶቹ መታጠፍ አቅቷቸው ስለነበር ጫማውን የምፈታለት እኔ ነኝ። እናቴ ገበያ ሄዳለች። የጫማውን ክር እየፈታሁ "አባዬ፣ ቀጭኔ እየመጣ እኛ ቤት ይቀመጣል" አልኩት።

"ምን ሊያደርግ?"

"ለገመድ ነው ይላሉ። እማዬ ወተት ትሰጠዋለች። ክንዱን ይዛ ይሳሳቃሉ። ቀስ ብለው ያወራሉ።"

"ሰው ነው የነገረሽ ወይስ በዓይንሽ አይተሻል?"

"በዓይኔ።"

"ስንት ጊዜ?"

ቆጠርኩለት። መቁጠር እወድ ነበር። በረዶ ከመታን ወዲህ፣ ከገበያ ቀን እስከ ገበያ ቀን፣ በጣቶቼ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። አባዬ አላቋረጠኝም። ስጨርስ "ጎበዝ" አለኝ፣ ጫማውን ራሱ አወለቀ።

ምን እንደፈለግኩ በደንብ አስታውሳለሁ፣ ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። እንዲመታት ፈልጌ ነበር። ወተቱ እንዲደፋ፣ ቀጭኔ ከበራችን ላይ እንዲባረር፣ እናቴ ደግሞ አልቅሳ ይቅርታ እንድትጠይቅ። ተበቀልኩ ብዬ ያን ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

አባዬ ግን ማንንም አልመታም። ግማሹን ማሳ ዘርቶ ጨረሰ፣ በአራተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ አሰረና ወጣ። እናቴ ከውሃ ስትመለስ አጥሩ በር ላይ ተገናኙ። አንድ ነገር አላት፣ ከሩቅ ስለነበርኩ አልሰማሁም። ለአጨዳ አልመጣም፣ ለቀጣዩ ዘርም አልመጣም። እዚያው ሌላ ቤት ሠራ ሲባል ሰማን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ድንጋይ ተጭኖት ሞተ ሲባል። ሰፈሩ ሁሉ ጥፋቱን ወፍጮ ቤቷ ላይ ለጠፈው፤ ምላሷ ነው ትዳር ያፈረሰው ተባለ። እኔም ዝም አልኩ። ባለምላሷ እሷ፣ ምን ቸገረኝ?

አባዬ በሄደ በማግስቱ እናቴ ቃጫዋን አወጣች። ወደ ምስማሩ አልሄደችም። ጫፉን ለኔ ሰጠችኝ።

"ምስማሩ ላልቷል። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያዢ" አለችኝ።

ደስ አለኝ። ስንት ጊዜ ለምኛት እምቢ ያለችኝን በራሷ ጊዜ ሰጠችኝ። ባልየው ሲሄድ ልጅቷ ተተካች ብዬ አሰብኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቆጠረችኝ ብዬ። መቃኑ ሥር ቆሜ በሁለት እጄ ያዝኩ። ቃጫው ሲከር መዳፍ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ቆዳ ይልጣል። ልቀመጥ ስል ከአጥሩ ጋ ሆና "እንዳትነቃነቂ፣ ገመዱ ይበላሻል" ትለኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀምሬ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ። ልጆች ውጭ ሲጫወቱ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሰባት ዓመት እንዲህ ያዝኩ። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም እስክሪብቶ ስጨብጥ ይታወቀኛል።

ጎርፉ የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ወንዙ ሞልቶ ማሳውንም ወሰኑንም አንድ ላይ በላው፣ የማን መሬት የት ጋ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ጠፋ። መንግሥት እንደገና ሊከፍል ነው ተባለ፣ ቀጭኔም ሁለቱን ገመዶች አዘዘ። ሊወስድ በመጣ ቀን እናቴ "ይለኳቸው እንጂ ጋሼ" አለችው።

"አንቺን ደግሞ ልጠርጥር? ስንት ዓመታችን ነው?" አለና ወተቱን ጨልጦ ሁለቱንም ትከሻው ላይ ጣላቸው።

አንድ ቀን ቀደም ብሎ እናቴ ጨርቆቹን ስታስር አጠገቧ ነበርኩ። ሁለቱንም የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ረጅሙ የትኛው እንደሆነ እጄ ያውቀዋል። ረጅሙ ላይ ቀዩን አሰረች፣ አጭሩ ላይ ጥቁሩን።

"እማዬ፣ አቀያየርሻቸው እኮ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ መቼም ወሬ አታወጪም" አለችኝ። ፊቴ ጋለ። ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶባታል ብዬ ተውኳት።

ቀጭኔ ጥቁሩን ይዞ የኛን ሰፈር ለካ፣ ቀዩን ይዞ የአማቹን። ዝርዝሩ ታትሞ ወደ ከተማ ሄደ፤ ከሄደ በኋላ አንድ ፊደል አይነካም። ክፍያው ሲመጣ የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ዓይኑን እያሸ ደጋግሞ አነበበ። የአማቹ ሰፈር ሰውም ዓይኑን እያሸ አነበበ።

በማግስቱ ቀጭኔ መጣ። እናቴ እያከረረች ነበር፣ እኔ መቃኑ ሥር ይዣለሁ። በሩ ላይ ማጎንበሱን ረስቶ ግንባሩን መታው።

"ምን አደረግሽኝ?" አላት።

"ምን አደረግኩህ?"

አንተ አለችው። ሁልጊዜ እርስዎ፣ ሁልጊዜ ጋሼ ስትለው የነበረችው ሴት። አባዬን ብቻ ነበር አንተ የምትለው። በቃ፣ አልኩ በልቤ፣ ባሏ አድርጋዋለች፣ ይሄ የባልና ሚስት ጠብ ነው። ገመዱን ለቅቄ ልሮጥ ትንሽ ቀረኝ።

"ታውቂዋለሽ" አላት።

"አላውቅም። ንገረኝና ልወቅ። ከፈለግክ ጎረቤቱንም ልጥራ፣ ለሁላችንም ንገረን።"

ቀጭኔ ወደ አጥሩ ዞረ። ወፍጮ ቤቷ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላለች።

"ገመዱ አጠረብህ? ወይስ ረዘመብህ?" አለችው እናቴ። ማክረሯን አላቆመችም። "የቱ የትኛው ነበር? ምን ያህል ሊሆን ነበር? በማን ክንድ?"

ሰውዬው በርጩማውን በዓይኑ ፈለገ። በርጩማው አልወጣም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ። ሌባ ሐሰተኛ ገመዶቼ ተቀያየሩብኝ ብሎ ለማን ይከሳል? እኔ ግን ፍቅራቸው ስላበቃ የተሰበረ ሰው መስሎኝ ትንሽ አዘንኩለት። ያቺን ትንሽ ሐዘን ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ቀጭኔን ያሳሰሩት እኛ የተቀማነው አይደለንም፣ ያበላቸው ናቸው። አማቹና ዘመዶቹ በላን አሉ፣ ሸጠን አሉ፣ ተሰብስበው ከተማ ድረስ ሄደው የዓመታቱን ሁሉ ዘረገፉት። የብረት ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ከኛ የተወሰደው ግማሽ ማሳም ተመለሰ። እናቴ የወሰኑን ድንጋይ ራሷ ተሸክማ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። መሬቱ ተመለሰ፣ አራሹ አልተመለሰም።

እውነቱን የነገረችኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ነው፣ ያኔም ጫፍ እንደያዝኩ። ገመዱን ለማሳደስ ባመጣው ቀን በራሷ ክንድ ለክታ ከአርባ አልፎ ስታገኘው ተንኮሉን እንደነቃች። ወተቱም፣ ቀልዱም፣ በርጩማውም ለአንድ ቀን ብቻ እንደነበር፣ መለካት ለሚተውባት ቀን። "ሦስት ዓመት ሳቅኩለት" አለችኝ፣ "አንድም ቀን አልሳቅኩም።"

"ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት።

"አባትሽ ሆዱ ወንፊት ነው። ቢሰማ በማግስቱ ቀጭኔን አንቆ እሱ ይታሰር ነበር። ከጨረስኩ በኋላ ልነግረው ነበር። አንድ ዝናብ ነው የቀረኝ።"

አንድ ዝናብ። እሷ ሦስት ዓመት የገመደችውን እኔ ጫማ እየፈታሁ በጥሻለሁ። ማን እንደነገረው አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። አታውቅም አልኩ። እንዳላወቀች ይዤው አደግኩ፣ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ።

ይኸው ባለፈው ዓመት ውርጭ መታና የተመዘገቡትን ስጠራ ቀጭኔ ብቅ አለ። አንዲት ትንሽ ቁራጭ መሬት ቀርታዋለች፣ ያቺም ጠቁራለች። ቁመቱ ጎብጧል፣ ክንዱ ግን ያው ነው።

"የገመድ ሠሪዋ ልጅ አይደለሽም? ጫፉን የምትይዢልኝ አንቺ ነበርሽ እኮ" አለኝ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

"ዛሬ ተራው ያንተ ነው" አልኩት።

መሥሪያ ቤቴ መለኪያ መሣሪያ ሰጥቶኛል። ቁልፉን ተጭኜ ማሳውን አንዴ ብዞረው ልኩን ራሱ ያወጣል፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። የብረት ሜትሩን አወጣሁና ጫፉን አስያዝኩት። አንድ ጊዜ ለካሁ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ለካሁ። ምሳዬን ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ በላሁ፣ እሱ እንደያዘ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ። ከመሬቱ አንድ ጣት አልቀነስኩበትም። አዝኜለት አይደለም፣ ብቀንስበት የሚከሰኝ ነገር አገኘ ማለት ነው። ሲለቅ ጣቶቹ አልዘረጋ አሉት።

ከዚያ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ደስታዬን ለማን ላካፍል? ከግቢው አጥር ሥር ቃጫዋን ዘርግታ አገኘኋት። አርጅታለች፣ ወደ ኋላ መሄዱ ስለሚያደክማት አሁን አጭር አጭሩን ትሠራለች። አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፣ ፀሐዩን፣ ምሳዬን፣ ጣቶቹን። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

"ውሃ ሰጠሽው?"

"አልሰጠሁትም።"

"ደግ አደረግሽ። ቆይ ግን፣ መሣሪያ ሰጥተውኛል፣ ብቻዬን ነው የምለካው አላልሽኝም ነበር?"

"ሰጥተውኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

"ታዲያ ሰውዬውን ለምን አስያዝሽው?"

"እንዲቆም ነዋ።"

እናቴ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከአባዬ ዘመን ወዲህ አይቻት አላውቅም። "የኔው ልጅ" አለች። ቃጫውን ምራቅ ነካ አድርጋ ጫፉን አሾለችና፣ ዓይኗን ከእጇ ሳታነሳ፣

"እኔም ምስማር ነበረኝ" አለች።

ወደ መቃኑ ዞርኩ። በሩ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፣ ምስማሩም አብሮ ተቀብቷል። ሄጄ በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት፣ እግሬን መቃኑ ላይ ተክዬ ጎተትኩት። ንቅንቅ አላለም። ላልቶ አያውቅም። እናቴ ከወፍጮ ቤቷ ጋር ሰላምታዋን አንድ ቀን እንኳ እንዳላቋረጠች ያኔ ትዝ አለኝ።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት። ድምፄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው።

"አባትሽ። አጥሩ በር ላይ። 'ልጅሽ ቆጠራ ትችላለች' አለኝና ሄደ።"

"ታዲያ ለምን አልመታሽኝም?"

"ዱላ አንድ ቀን ነው" አለች።

 ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ ይቅር እንደማትል ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ከሷ ነው የወጣሁት። ቃጫዋን አስተካከለች፣ ለሁለት ከፈለች፣ ጫፉን ወደኔ ዘረጋችው።

"ያዢ" አለችኝ።

"ምስማሩስ?"

"ላልቷል።"

ቦርሳዬን አስቀምጬ መቃኑ ሥር ቆምኩና ያዝኩላት።